መጽሐፍ ቅዱስ በአቦልና በቶና መሃል

መስከረም 1 ቀን ዘፍጥረትን ጀምሮ ጥቅምት ላይ ያቆመ ሰው ብዙ ነው። እኔም ሦስት ዓመት ተከታትሎ እንደዛ ሆኖብኛል። ዘፍጥረት ታሪክ ስለሆነ ይነበባል፣ የዘፀአትም ግማሹ እንደዛው። ምዕራፍ 25 ላይ ደርሳችሁ የታቦቱና የገበታው ልክ ሲጀምር ግን እየከበደ ይሄዳል፣ ዘሌዋውያን ላይ ጭራሽ ቀጥ ይላል። የእምነት ማነስ አይመስለኝም፤ አጀማመራችን ነው።

ስለዚህ ከማርቆስ ጀምሩ። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ፈጠን ፈጠን ይላል። በቀን አንድ ምዕራፍ ከሆነ በ16 ቀን አንድ መጽሐፍ ጨረሳችሁ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ትልቅ ብርታት ይሰጣል። አራቱም ወንጌላት ተደምረው 89 ምዕራፍ ናቸው፣ ሦስት ወር አይሞሉም። ኦሪቱ የትም አይሄድም፣ ትመለሱበታላችሁ።

ዋናው ግን ሰዓቱ ነው። "ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ" ያለ ሰው አያነብም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሡ የሚል ምክር ይሰጣል፣ ለሚችል ሰው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ሞክሬ አልቻልኩም። የሆነልኝ በቡና ነው። ቤታችን ማታ ማታ ቡና ይፈላል። አቦሉ ተጠጥቶ ጀበናው ውሃ ተጨምሮበት ለቶና ከሰሉ ላይ ሲጣድ ሁሉም ስልኩን የሚያወጣባት ጊዜ አለች አይደል? እሷን ነው የወሰድኳት። መጽሐፉን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡት፣ ሁልጊዜ እዛው ይሁን። ፍለጋ ከተገባ አለቀ።

ድምፅ አውጥቶ ለሰው ማንበብን ያየሁት መንዝ ከአያቴ ቤት ነው። ፊደል አልቆጠረችም። ክረምት ስንሄድ ባናዋን ተከናንባ ምድጃው ዳር ትቀመጥና "በል እንግዲህ፣ ከትናንቱ ቀጥልልኝ" ትለኛለች። የት እንዳቆምን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ መስመር ዘልዬ ሳልፍ ጣቷን ቀና ታደርጋለች፤ "መልሰው፣ አልሰማሁትም።" ስለዚህ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ ቢቻል ለሚሰማ ሰው። በዓይን ብቻ ስናነብ ዓይናችን ገጹን ይጨርሳል፣ ሐሳባችን ገበያ ይውላል። የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ ደግሞ ዛሬ ይቅር ማለት ይከብዳል።

ቀኑ ሲጠብባችሁ መጽሐፈ ምሳሌን ያዙ። በ1954ቱ እትም 31 ምዕራፍ ነው። ቀኑ 12 ከሆነ ምዕራፍ 12ን ታነባላችሁ፣ ምልክት እንኳን አያስፈልግም። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ በመጨረሻው ቀን ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ለጳጉሜን የያዕቆብ መልእክት አለ፣ ልክ 5 ምዕራፍ።

ለቅሶ ወይም ሰርግ ሄዳችሁ አራት ቀን ቢያመልጣችሁ አታካክሱ። ይህን አደራ እላለሁ። አምስት ምዕራፍ በአንድ ማታ ልጨርስ ያለ ሰው በማግስቱም ይደክመዋል፣ ከዛ መጽሐፉን ሲያየው ዕዳ ይመስለዋል። የዛሬዋን አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብቡና እደሩ።

ስልክ ላይ ማንበብ ለመንገድ ይሆናል፤ ለማታ ግን ወረቀቱ ይሻላል፣ መልእክት አይገባበትም።

ያልገባችሁን ቁጥሩን ጻፉት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህሩን ጠይቁ። አያሳፍርም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው የእኛው አገር ሰው፣ የንግሥቲቱ ባለሟል፣ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር፤ ይገባሃል ወይ ሲባል የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ብሎ ፊልጶስን አጠገቡ አስቀመጠው።

ዛሬ ማታ ቡና ካለ ማርቆስ ምዕራፍ 1ን ሞክሩ። 45 ቁጥር ነው፣ ቶናው እስኪፈላ ያልቃል።