ማንኳኳቱ የጠፋው የፒስተን ከፍታ ለክተን ነው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ወዳለው ጋራዥ የመጣው 3ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ያለው ሃይሉክስ፣ ሞተሩ ከታደሰ ጀምሮ ያንኳኳ ነበር። ኖዝሉም (ናፍጣ የሚረጨው) ታይሚንጉም (ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ) ደህና ናቸው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሲነሳ ግን የፒስተኖቹ አናት ላይ የመነካካት ምልክት ታየ፤ ሞኖብሎኩ (ፒስተኖቹ የሚሠሩበት የሞተሩ አካል) ፊቱ ተልጎ ሳለ፣ በእሱና በቴስታታው መካከል የገባው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ስስ ስለነበር ፒስተኖቹ ቴስታታውን ይነኩ ነበር።

ካርቦኑን ጠርጌ፣ ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን ልዩነት የሚለካውን መሣሪያ) ብሎኩ ላይ ዜሮ አድርጌ፣ ኮሎውን (ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) ቀስ እያልኩ በማዞር እያንዳንዱ ፒስተን ምን ያህል ከብሎኩ እንደሚወጣ ለካሁ። እባካችሁ፣ ፒስተኑን ከቢዬላው (ከኮሎው ጋር ከሚያገናኘው ክንድ) በሚያያይዘው ፒን መስመር ላይ ከፊትም ከኋላም ለኩ። በሌላው ጎን ፒስተኑ ስለሚያዘነብል ቁጥሩ ያሳስታል። ጓርኒሲዮን የሚመረጠውም በአማካዩ ሳይሆን ከሁሉም በላይ ከብሎኩ በወጣው ፒስተን ነው። ለዚህ ሞተር ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ የሚባሉ ውፍረቶች አሉ። የእኛ ልኬት ወፍራሙን ኤፍ ጠየቀ፤ እሱን አስገብተን መጀመሪያ በእጅ አዞርነው፣ ከዚያ አስነሳነው። ማንኳኳቱ የለም።