ኮፐንሃገን ለምትመጡ ተማሪዎች፦ ስለ ብስክሌት

ለትምህርት ወደ ዴንማርክ የምትመጡ ወገኖቼ፣ እንደደረሳችሁ ያገለገለ ብስክሌት ግዙ። በዚህ አገር ኑሮ እጅግ የምወደው የማለዳውን የብስክሌት መንገድ ነው፤ ልጆቿን ከፊት ባለው ሣጥን የጫነች እናት፣ ከረባት ያሰረ ሠራተኛና ተማሪው በአንድ መስመር ተከታትለው ይሄዳሉ።

ሥርዓቱን ግን ቀድማችሁ እወቁ። ቀኝ ይዛችሁ ንዱ፣ ስትቀድሙ በግራ እለፉ። ለመቆም ስታስቡ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፤ ከኋላ ያለው ሰው ያን አይቶ ይጠነቀቃል። አዲስ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ወደ ግራ ሲታጠፍ ነው። እንደ መኪና መሃል መንገድ ገብቶ መታጠፍ ክልክል ነው። መጀመሪያ መስቀለኛውን መንገድ ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፣ ከማዶው ጥግ ላይ ቁሙ፣ ከዚያ መንገዱ ነፃ ሲሆን ወደ ግራ እለፉ። እኔ ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ሳምንት መሃል ገብቼ ስደናገር፣ አንዲት አዛውንት ብስክሌታቸውን አቁመው በእጃቸው እያመለከቱ አሳዩኝ። ደግነታቸው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

መብራት ግዴታ ነው፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ ከቦርሳችሁ አይለይ። ሲደክማችሁ ደግሞ ኤስ-ቶግ በሚባለው የከተማ ባቡር ብስክሌታችሁን በነፃ መጫን ትችላላችሁ።