«ቲቸር፣ እጁ ነው የሚያወራው!» የስክራች ንግግር አረፋ ቦታ ሲስት

ስክራች (ልጆች ብሎክ የሚባሉ ትእዛዞችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት) ላይ የንግግር አረፋን ቦታ የሚወስን ብሎክ የለም። ገጸ ባህሪውን የሚያናግረው ብሎክ፣ «ሴይ»፣ የሚቀበለው ጽሑፍና ሰከንድ ብቻ ነው። ስክራች አፍ የት እንዳለ አያውቅም። የኮስቹሙን (ገጸ ባህሪው አሁን የለበሰውን ስዕል) ከሁሉ ከፍ ያለ ጫፍ ፈልጎ አረፋውን እዚያ ጎን ይለጥፋል። ልጆች የሚጠሩኝ በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

አረፋው ይዘላል

አንድ ልጅ ሰላም የሚል አንበሳ ሠራ። በአንዱ ኮስቹም እጁ ወርዷል፣ በሌላው ከጭንቅላቱ በላይ ተነስቷል። አንበሳው እጁን ሲያውለበልብ አረፋው ከጋማው ወደ መዳፉ፣ ከመዳፉ ወደ ጋማው ይመላለሳል። «ቲቸር፣ እጁ ነው የሚያወራው!» አለ አጠገቡ ያለው። ክፍሉ ሳቀ። ባለቤቱ ግን አልሳቀም፤ የኮስቹሙን መሃል ነጥብ ሲገፋ ግማሽ ሰዓት አቃጥሏል። እባካችሁ ይሄን አትሞክሩ። መሃሉ ሲነካ አንበሳው ቦታ ይለቃል፤ አረፋው ግን ያው ከጫፉ አይላቀቅም።

መፍትሔው ሌላ ሰው ይናገርለት ነው። አዲስ ስፕራይት (ገጸ ባህሪ) ፍጠሩ፣ አንዲት ትንሽ ነጥብ ሳሉ፣ ስሙን «አፍ» በሉት። ጎስት ኤፌክቱን 100 አድርጉት፤ ነጥቡ ለዓይን አይታይም። «ሃይድ» (ደብቅ) እንዳትሉት! የተደበቀ ስፕራይት አረፋ አያሳይም፤ ከዚያ «ሴይ ተበላሽቷል» ብላችሁ ትመጣላችሁ። ለነጥቡ ፎርኤቨር (ሳያቋርጥ የሚደግም ብሎክ) ስጡት፦ ወደ አንበሳው ይሂድ፣ ኤክስን (የአግድም ቦታውን) በ30፣ ዋይን (የከፍታ ቦታውን) በ50 ይቀይር። ቁጥሩን ለራሳችሁ ስዕል አስተካክሉ። የአንበሳው መጠን 50 በመቶ ከሆነ ቁጥሮቹንም ግማሽ አድርጉ። ወደ ግራ ከዞረ ኤክሱ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ይሄን ሁሉም ይረሳል። «ሴይ» ግን በነጥቡ ሌላ ስክሪፕት (የብሎኮች ሰንሰለት)፣ ከአንበሳው በሚላክ ብሮድካስት (መልእክት) ይጀምር። ፎርኤቨሩ ውስጥ ከከተታችሁት ነጥቡ ንግግሩ እስኪያልቅ ደርቆ ይቀራል።

አረፋው ከገጸ ባህሪው ርቆ ይንሳፈፋል

ስዕሉ ከስልክ የመጣ ጄፔግ (የፎቶ ፋይል) ነው። ነጩ ዳራ በነጭ መድረክ ላይ አይታይም እንጂ ለስክራች የአካሉ ክፍል ነው። ጥቁር ባክድሮፕ (የመድረክ ዳራ) አድርጉ፤ ሳጥኑ ፊት ለፊት ይመጣል። ዳራው የተቆረጠ ፒኤንጂ አስገቡ። የራሳችሁ ስዕል ከሆነ ደግሞ ላጲስ የሳተው ጠብታ ከላይ ቀርቶ ይሆናል። በስፕራይት ዝርዝሩ ውስጥ ስዕሉ ያለ ወጉ አንሶ ከታየ ጠብታው አለ ማለት ነው።

ሌሎች

ቀኝ ጠርዝ ላይ አረፋው ወደ ግራ ከዞረ ብልሽት አይደለም፤ ቦታ አጥቶ ነው።

አረፋው ፊቱን ከሸፈነ ገጸ ባህሪው ከመድረኩ አናት ተጠግቷል፤ የመድረኩ ጣሪያ ዋይ 180 ነውና ዝቅ አድርጉት።

ጽሑፉ መሃል ላይ ከተቆረጠ ከ330 ፊደል አልፏል። ለነገሩ ማን ያነበዋል?

አረፋው አልጠፋ ካለ ሰከንድ የሌለውን «ሴይ» ተጠቅማችኋል፤ ባዶ «ሴይ» ጨምሩለት።