መኪናዎ ዘይት ትበላለች? ለክቶ ማወቅና አቤት ማለት እንዲህ ነው

ጋራዥ ገብተው «ዘይት ትበላለች» ቢሉ መካኒኩ ራሱን ነቅንቆ «ፋሻ ነው» ይልዎታል፤ ፒስተኑን የሚከብቡትን የብረት ቀለበቶች ማለቱ ነው። ስንት ትበላለች? በስንት ኪሎ ሜትር? ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ሞተር ይወርዳል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ አንዳንዴም መኪናዋ ከጋራዥ በወጣች በወሩ ዘይት መጠየቋን ትቀጥላለች። የሸጠልዎትን ድርጅት አቤት ሲሉ ደግሞ የሚጠብቅዎት መልስ «ይሄ ያለ ነው» የሚል ነው። በእጅዎ ቁጥር ከሌለ እዚያው ላይ ነገሩ ያልቃል።

ቁጥር ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት የቶዮታን 2.4 ሊትር ሞተር ታሪክ ይስሙ። መካኒኮች «ቱ ኤ ዜድ» የሚሉት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 በተሠሩ ካምሪዎችና ከ2006 እስከ 2008 በተሠሩ ራቭ ፎሮች ላይ ይገኛል፤ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን ካምሪን በደንብ ያውቋታል። የዚህ ሞተር ጣጣ ፒስተኑ ላይ ነበር። የዘይት ፋሻው ከሲሊንደሩ ግድግዳ የሚጠርገው ዘይት በፒስተኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ታች መመለስ አለበት። ቀዳዳዎቹ በካርቦን ሲደፈኑ ዘይቱ እላይ ይቀርና ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። የባለቤቶች አቤቱታ ሲበዛ ኩባንያው በ2011 ለጥገና ማዕከሎቹ መመሪያ አወጣ፤ በ2015 ደግሞ ዋስትናውን አራዝሞ ፒስተንና ፋሻ በነጻ የሚቀየርበትን መንገድ ከፈተ።

መስፈርቱ ግን አንድ ነበር፦ መኪናዋ በ1,200 ማይል ቢያንስ 1 ኳርት ዘይት መብላት አለባት። ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ በ1,000 ኪሎ ሜትር 490 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለች መኪና ፈተናውን «አልፋለች» ተብላ ለባለቤቷ ትመለስ ነበር። እስቲ ያስሉት፦ የዚህች ካምሪ ሞተር የሚይዘው ዘይት 4.3 ሊትር ያህል ነው። በየ5,000 ማይሉ ዘይት የሚቀይር ሰው፣ መኪናው ልክ በመስፈርቱ መጠን የምትበላ ከሆነ፣ ወደ ሰርቪስ ሲመለስ 4 ሊትር የሚጠጋው ጠፍቷል። በመካከል ኮፈን ከፍቶ ካላየ የሚነዳው ባዶ ሞተር ነው ማለት ይቻላል። ለእኔ ይህ ከምንም አንፃር «ያለ ነገር» አይደለም፤ ግን ክርክሩን የሚያሸንፈው የእኔ አስተያየት ሳይሆን የእርስዎ መለኪያ ነው።

1. ይለኩ

ከዘይት ቅያሪ ማግስት ይጀምሩ። ዘይትና ፊልትሮ አብረው ይቀየሩ፣ ደረሰኙ ላይ የዘይቱ ዓይነትና ኪሎ ሜትሩ ይጻፍ።

መኪናዋን ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሙ። ዳገት ላይ የተነበበ መለኪያ ውሸት ነው፤ የአዲስ አበባ ግማሹ ሰፈር ደግሞ ዳገት ነው፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ይምረጡና ሁልጊዜ እዚያው ይለኩ። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ማየት ከሁሉም ይሻላል፣ ሌሊቱን ዘይቱ ሁሉ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ) ወርዷልና። የመለኪያውን ዘንግ አውጥተው በጨርቅ ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ይክተቱት፣ ያውጡና ያንብቡ። የመጀመሪያው ንባብ አይቆጠርም። ዘንጉንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ ያንሱ።

ከዚያ በየሳምንቱ ይመልከቱ። በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው ያለው ልዩነት 1 ሊትር አካባቢ ነው፤ ዘይቱ ወደ ታችኛው ምልክት ከመድረሱ በፊት ይጨምሩ። ሲጨምሩ በግምት አያፍስሱ። ሚሊ ሊትር በተጻፈበት ዕቃ፣ የሕፃን ጡጦም ቢሆን፣ እየለኩ ወደ መጀመሪያው ምልክት ይመልሱት። ከ1,500 ኪሎ ሜትር በታች በሆነ መንገድ ላይ የተሠራ ሂሳብ ብዙ አይታመንም።

ሂሳቡ ይህ ነው፦ የተጨመረው ዘይት በተነዳው ኪሎ ሜትር ተካፍሎ በ1,000 ይባዛል። በ1,600 ኪሎ ሜትር 750 ሚሊ ሊትር ከጨመሩ፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር 469 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከላይ ባየነው መስፈርት ይቺ መኪና ለጥቂት «አልፋለች»! በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈተናው እንዲደገም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የአንድ ጊዜ ልኬት ይህን ያህል ልዩነት በቀላሉ ሊስት ይችላል።

አንድ ማሳሰቢያ። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚነዱ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ዘንጉ ላይ ዘይቱ የቀነሰ አይመስልም፣ እንዲያውም ይጨምራል። ዘንጉን ሲያሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ካለ ያ ነው።

የዳሽቦርዱን ቀይ የዘይት መብራት አይጠብቁ። እሱ የሚነግርዎት የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። ሲበራ ግፊቱ ጠፍቷል፣ ብረት ከብረት መፋጨት ጀምሯል ማለት ነው።

2. ዘይቱ በየት እንደሚሄድ ይለዩ

ዘይት ወይ ይፈሳል ወይ ይቃጠላል። ሌሊት ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ጠብታ ካገኙ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጉርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ከኮፓው ወይም ከፊልትሮው አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ርካሹ ዜና ነው።

ካርቶኑ ንጹሕ ከሆነ ጭሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሳ አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ ከጠፋ፣ ወይም መብራት ላይ ብዙ ቆመው ሲነሱ ከታየ፣ የቫልቭ ሲል (የቫልቩ የዘይት ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ነዳጅ ረግጠው ዳገት ሲወጡ የሚከተልዎት ከሆነ ፋሻ ይጠረጠራል። ነጭ ሆኖ የራዲያተሩ ውኃም የሚጎድል ከሆነ ጉዳዩ የቴስታታ ጉርኒሲዮን ነው፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካዩ በጊዜ ያሠሩት። ጥቁር ጭስ ግን የነዳጅ ጉዳይ ነው፣ ከዚህ ጽሑፍ ጋር አይገናኝም።

ጭስ አለመኖሩ ዘይት አለመቃጠሉን አያሳይም። ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያ) ያላት መኪና ዘይቷን ቀስ ብላ ስትበላ ጭሱ እዚያው ተቃጥሎ ሊቀር ይችላል። «ካላጨሰች አትበላም» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ማስታወሻ ደብተርዎን ያሳዩት።

3. ሞተር ከማስወረድ በፊት

መጀመሪያ ፒሲቪ ቫልቩን ያስፈትሹ። የሞተሩን የውስጥ ትነት ወደ አየር መግቢያው የሚመልስ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሲበላሽ ወይም ሲደፈን ዘይቱን አብሮ ያስጠባል። ዋጋው ከሞተር ሥራ ጋር አይወዳደርም፤ እሱን ሳያይ ሞተር እንውረድ የሚል ጋራዥ አያስቸኩልዎ። የአየር ማጣሪያውንም ይመልከቱ፤ አቧራ የሚያስገባ ማጣሪያ ፋሻና ሲሊንደር የሚበላ ነው።

ከዚያ ካንዴላዎቹ ይውጡ። አንዱ ብቻ ዘይት የነካው ጥቁር ከሆነ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ግፊት) ይለካ፦ መጀመሪያ በደረቁ፣ ቀጥሎ በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ። ዘይት ሲጨመር ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ደክሟል፤ ካልተነቃነቀ ወደ ቫልቭ ይታያል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፒስተን ላይ ያሉት ፋሻዎች ሥራቸው አንድ አይደለም፤ የላይኞቹ ግፊት ይይዛሉ፣ የታችኛው ዘይት ይጠርጋል። የታችኛው በካርቦን ተጣብቆ ዘይት እያሳለፈ የላይኞቹ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። የቱ ኤ ዜድ በሽታ እንዲህ ዓይነት ነው። «ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ስለሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው» ከተባሉ መልሱ ግማሽ ነው።

4. ሞተሩ ማንኳኳት ከጀመረ

ከታች የሚመጣ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚፈጥን ወፍራም ቋ ቋ ቋ ከሰሙ ያጥፉና በጎታች ይውሰዷት። «ጋራዥ ድረስ እንኳ ትድረስ» ተብሎ የተነዳ ሞተር ነው መንገድ ላይ የሚነክሰው (ተጣብቆ የሚቆመው)።

የሀዩንዳይና የኪያ ሞተሮች ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ሀዩንዳይ በአሜሪካ 470,000 ያህል የ2011 እና የ2012 ሶናታዎችን ለጥገና መልሶ ጠራ። ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሲሞረድ የቀረ የብረት ብናኝ የዘይት መተላለፊያውን ሊዘጋ፣ የፒስተን ክንዱ ብሮንዚና (ክንዱ ኮሎው ላይ የሚዞርበት ስስ ብረት) ዘይት አጥቶ ሊጎዳ፣ ሞተሩም በጉዞ ላይ ሊጠፋ ይችል ነበር። በ2017 ጥሪው ሰፍቶ ኪያንም ጨመረ። ኪም ጓንግ-ሆ የተባለ የሀዩንዳይ መሐንዲስ ኩባንያው ችግሩን በሚገባ አላስተካከለም ብሎ ሰነድ ይዞ ለአሜሪካ መንግሥት አመለከተ፤ በ2020 ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ላይ እስከ 210 ሚሊዮን ዶላር ለሚደርስ ቅጣት ተስማሙ፣ መሐንዲሱም በ2021 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ የጠቋሚነት ሽልማት ተወሰነለት።

ሞተርዎ ከተበላሸ አቤቱታዎ ሳይመዘገብ አያስፈቱት። ሲፈታ እዚያው ይገኙ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ከሚፈሰው ዘይት በንጹሕ ጠርሙስ ያስቀሩ፣ ዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ በባትሪ ብርሃን ይታያል። የወጣውን ብሮንዚናና ፋሻ ይዘው ይሂዱ። ጋራዡ «ምን ያደርግልዎታል?» ይላል፤ ማስረጃ ይሆናል።

5. አቤቱታውን ይጻፉ

ንዴት አይጻፍበት። እንዲህ ይበቃል፦

«የሻንሲ ቁጥሩ ይህ በሆነ መኪናዬ መጋቢት 3 ቀን በ142,300 ኪሎ ሜትር ዘይትና ፊልትሮ ተቀይሮ ዘይቱ ላይኛው ምልክት ላይ ነበር (ፎቶ 1)። ሚያዝያ 20 ቀን በ143,900 ኪሎ ሜትር ወደዚያው ምልክት ለመመለስ 750 ሚሊ ሊትር ጨምሬያለሁ (ፎቶ 2 እና የዘይት ደረሰኝ)። ፍሳሽ አልተገኘም። ዘይቱ በእናንተ ዘንድ ተለክቶ፣ መለኪያውና መሙያው ታሽጎ ድጋሚ እንዲፈተን፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

በእጅ ከሰጡ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» ብለው እንዲፈርሙና ማኅተም እንዲያደርጉ ይጠይቁ።

አሜሪካ ላሉ፦ የደህንነት አቤቱታ የሚቀበለው ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ የሚባለው የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስልኩ 888-327-4236፣ አገልግሎቱ ነጻ። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመኪናዎን መለያ ያዘጋጁ፤ በእሱ የጥሪ ዝርዝር ውስጥ መኖርዎንም ያያሉ። መሥሪያ ቤቱ የሚመለከተው ደህንነትን ስለሆነ «ዘይት ትበላለች» ብቻ ብሎ የተጻፈ ብዙ አይራመድም። መኪናዋ ሀይዌይ ላይ ጠፍታብዎት ከሆነ ያንን ያስቀድሙ፦ ፍጥነቱ፣ ቦታው፣ የትኛው መብራት እንደበራ፣ መሪው እንደከበደ። ዋስትና ላይ ሆነው «ሰርቪስ ሌላ ቦታ አድርገዋል» ከተባሉ፣ እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የአሜሪካ የዋስትና ሕግ አምራቹ በዚህ ብቻ ዋስትና እንዳይነፍግ ይከለክላል። ደረሰኝ ግን ይኑርዎት፤ የሰፈር ልጅ ጓሮ ውስጥ የቀየረልዎት ዘይት ወረቀት የለውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ይከብዳል። ብዙዎቹ የቤት መኪናዎች አገልግለው የመጡ ስለሆኑ የፋብሪካ ዋስትናቸው አብሮ አይመጣም። ከነጋዴ ከገዙ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ ወደ ንግድ ቢሮ ይሂዱ። ከግለሰብ ከገዙ መሠረትዎ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የተደበቀ ጉድለት ድንጋጌ ነው፤ ጉድለቱን እንዳወቁ ሳይዘገዩ ለሻጩ ማሳወቅ ግድ ነው፤ በጽሑፍ ቢያደርጉት ይሻላል። ውልና ማስረጃ ከመግባትዎ በፊት «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት እያሰቡ ይህን የሚያነቡ ካሉ፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ነው። ወፍራም ዘይት የተሞላበት የደከመ ሞተር ለሽያጩ ቀን ድምፁም ጭሱም ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ማየት አለብዎት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ሻዩን ጠጥተው «ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ እኔ እስክመጣ እንዳታስነሳት» ይበሉት።