ቡድን ከመጨመራችሁ በፊት ቆርኪ ሰብስቡ

«ዘንድሮ ውድድሩን እናስፋው» የሚለው ሐሳብ ስብሰባ ላይ ሲነሣ የማያጨበጭብ የለም። መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ሰው ግን ያን ጊዜ አንገቱን ይደፋል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ስፖርት አስተምራለሁ፤ የኮሌጆቹ የቅዳሜና እሑድ የእግር ኳስ ውድድር መርሐ ግብርም የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። ስለዚህ ስምንቱን ቡድን ወደ አሥር ወይም ወደ አሥራ ሁለት ለማሳደግ፣ ከሻሸመኔና ከዲላም እንግዳ ለመጋበዝ ያሰበ ኮሚቴ ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ልንገረው።

መጀመሪያ የሚቆጠረው ቡድን ሳይሆን ቅዳሜ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያሉትን የሳምንት መጨረሻዎች ጻፉ፤ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ የፈተና ሳምንታትንና የሴሚስተር ዕረፍትን ሰርዙ። የተረፈውን ይዛችሁ ወደ ሒሳቡ ግቡ። ስምንት ቡድን በደርሶ መልስ 14 ሳምንትና 56 ጨዋታ ይፈልጋል። አሥር ቡድን 18 ሳምንትና 90 ጨዋታ፤ አሥራ ሁለት ቡድን ደግሞ 22 ሳምንትና 132 ጨዋታ። አራት ቡድን ብቻ ጨምራችሁ የዳኛ አበል የምትከፍሉበት ጨዋታ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። አጨብጫቢዎቹ ይህችን መስመር አይተዋት አያውቁም።

ሜዳውም አንድ ነው እንበል። የቀትሩን ፀሐይ ትታችሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ብታጫውቱ በቀን ሦስት፣ በሁለት ቀን ስድስት ጨዋታ ይወጣል። ለአሥራ ሁለት ቡድን ልክ ይበቃል፤ አንድ ጨዋታ በዝናብ ቢቋረጥ ግን የሚተካበት ሰዓት የለም።

አሁን ቆርኪውን አምጡ። ከካፍቴሪያው አሥር የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቡና ከ1 እስከ 10 ቁጥር ጻፉባቸው። ከላይ ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ደርድሩ፤ ከሥራቸው 10፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6። ፊት ለፊት የተያዩት ይጋጠማሉ፦ 1 ከ10፣ 2 ከ9 እያለ ይሄዳል። ለቀጣዩ ሳምንት 1 ቁጥርን በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙና ሌሎቹን ሁሉ አንድ አንድ ቦታ አዙሩ፤ 5 ወደ ታች ይወርዳል፣ 10 ወደ ላይ ወጥቶ ከ1 አጠገብ ይቀመጣል። አሁን 1 ከ9፣ 10 ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5 ተገናኙ። በዘጠኝ ሳምንት ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ ይጫወታሉ። የቡድኑ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ባዶ ቆርኪ ጨምሩ፤ ባዶው ፊት የወደቀው የሳምንቱ አራፊ ነው። አሥራ አንድ ቡድን የሚወስደው ሳምንት ከአሥራ ሁለት ቡድን እኩል ስለሆነ በጎዶሎ ቁጥር አታስፉ።

ቀኑ ካልበቃስ? እዚህ ላይ ነው የውድድሩ ሚዛን የሚናጋው። አሜሪካኖች የዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድኖቻቸውን ኮንፈረንስ በሚሉት ማኅበር ያወዳድራሉ። ኳሳቸው ሞላላ ነው፣ በእጅም ይያዛል፤ የመርሐ ግብሩ ሒሳብ ግን ከእኛ አይለይም። ቢግ ቴን የሚባለው ኮንፈረንስ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 18 ቡድን አደገ። አንድ ቡድን በኮንፈረንሱ ውስጥ የሚጫወተው ግን ዘጠኝ ጨዋታ ነው። ዘጠኝ ጨዋታ ለአሥር ቡድን ሙሉ ዙር ነበር፤ ለ18 ግን ከ17 ተጋጣሚ ስምንቱን ሳያዩ ዓመቱ ያልቃል። በዚያው ዓመት ኢንዲያናና ፔን ስቴት ስምንት ስምንት አሸንፈው አንድ አንድ ተሸነፉ፤ ሁለቱንም ያሸነፋቸው ኦሃዮ ስቴት ነው። እርስ በርሳቸው አልተገናኙም። ለፍጻሜው ያለፈው ፔን ስቴት ሲሆን ሁለቱን የለያቸውም እያንዳንዳቸው የገጠሟቸው ቡድኖች በኮንፈረንሱ ያስመዘገቡት ውጤት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለሐዋሳ ደጋፊ ቆሜ ከማስረዳ መርሐ ግብሩን እንደገና ባወጣ እመርጣለሁ።

«በአቅጣጫ ሁለት ምድብ እናድርገው» የሚል አይጠፋም። ቢግ ቴንም ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ ከፍሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2023 የተደረጉትን አሥሩንም የፍጻሜ ጨዋታዎች ያሸነፈው የምሥራቁ ምድብ ነው። ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ ብሎ መክፈል ለታክሲ ተራ ይሆናል እንጂ ለዋንጫ አይሆንም። መመደብ የግድ ከሆነ ባለፈው ዓመት ደረጃ ተቀራራቢዎቹን በአንድ ቋት እያደረጋችሁ ለሁለቱ ምድብ ዕጣ አውጡ።

ለአሥራ ሁለት ቡድን የእኔ ምርጫ ሌላ ነው። መጀመሪያ በ11 ሳምንት ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ ይጫወቱ። ከዚያ ነጥባቸውን እንደያዙ ከላይ ያሉት ስድስቱ ለብቻ፣ ከታች ያሉት ስድስቱም ለብቻ አምስት አምስት ጨዋታ ያድርጉ። በጠቅላላው 16 ሳምንትና 96 ጨዋታ ይሆናል፤ ከአሥር ቡድን ደርሶ መልስ በሁለት ሳምንት ያጥራል። ደካሞቹም መጨረሻ ላይ ከአቻዎቻቸው ጋር ስለሚገናኙ የሚጫወቱለት ነገር ያገኛሉ።

አዲስ ቡድን የመጀመሪያ ዓመቱን በብዙ ግብ መሸነፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ ነጥብ እኩል ሲሆን ከግብ ክፍያ በፊት የእርስ በርስ ውጤት ይታይ። አለዚያ ዋንጫው የሚወሰነው አዲሱን ቡድን ማን አብዝቶ ደበደበ በሚለው ይሆናል።

ስለ ርቀት ደግሞ፦ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አያሳስብም። ዲላ ግን 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የዲላን ቡድን ሁልጊዜ 8 ሰዓት ላይ አድርጉት። የ3 ሰዓቱን ከሰጣችሁት በጨለማ ይነሣል፤ የ10 ሰዓቱን ከሰጣችሁት በጨለማ ይመለሳል። የጉዞው ወጪ ከከበደ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦቹን በአንድ ከተማ ሰብስቦ እንዳጫወተው ሁለት ሦስቱን ዙር በአንድ ሳምንት ዕረፍት ላይ ሐዋሳ ውስጥ ጨርሱላቸው፤ በጨዋታዎቹ መካከል ግን ቢያንስ ሁለት ቀን ይረፉ።

መውጫውንም በመግቢያው ቀን ጻፉት። ምዕራባዊ አትሌቲክ ኮንፈረንስ የሚባለው የአሜሪካኖች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ 16 ቡድን ሰፍቶ ነበር፤ በ1999 ስምንቱ ወጥተው የራሳቸውን ኮንፈረንስ አቋቋሙ። የእኛ አገር አወጣጥ ከዚህ የባሰ ነው፤ ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፉ አንድ ቅዳሜ ይቀራሉ። ስለዚህ ከምዝገባው ጋር ማስያዣ ገንዘብ ተቀበሉ። ከጨዋታዎቹ ግማሽ ሳይሞላ የወጣ ቡድን ውጤቱ በሙሉ ይሰረዝ፤ ከግማሽ በላይ ተጫውቶ የወጣ ከሆነ ቀሪዎቹ ተጋጣሚዎቹ 3 ለ 0 በፎርፌ ያግኙ። ደንቡ ላይ የኮሌጁ ዲን ይፈርምበት፤ የአሠልጣኙ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ አሠልጣኝ በዓመት አጋማሽ ሊቀየር ይችላል።