የፍጥነት ሸርተቴ ጫማን ለሆኪ ሱቅ አትስጡ

ካልጋሪም ሆነ ኤድመንተን የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ በበረዶ ላይ የፍጥነት ሸርተቴ ለክልል ቡድን ማጣሪያ እየተዘጋጀ ከሆነ ጫማውን በአቅራቢያችሁ ላለው የሆኪ ሱቅ መሳያ ማሽን አትስጡ። የሆኪ ስለት ከሥሩ ጎድጎድ ተደርጎ ነው የሚሳለው፤ የፍጥነቱ ግን ረጅም፣ ቀጭንና ከሥሩ ጠፍጣፋ ነው። ማሽኑ አንዴ ከቦረቦረው ለማስተካከል ብዙ ብረት መፋቅ ይጠይቃል፤ ስለቱ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ በእጅ መሳል ነው። ሁለቱን ጫማዎች ሲሳሉ እንዳይንቀሳቀሱ በሚይዘው የመሳያ መያዣ (ጂግ) ላይ ጎን ለጎን አጥብቆ ማሰር፣ የመሳያውን ድንጋይ በሁለቱም ስለቶች ላይ እኩል ማመላለስ፣ በመጨረሻም በጎን የሚቀረውን ጥቃቅን የብረት ትራፊ በትንሽ ድንጋይ ማንሳት። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙዎች ይዘሏታል፤ ከዚያ ልጁ መታጠፊያው ላይ ሲያዳልጠው በረዶው ይወቀሳል። አሰልጣኙ አንድ ጊዜ ቢያሳያቸው ልጆቹ ራሳቸው ይለምዱታል።

ስለቱ ከማጣሪያው በፊት ባለው ምሽት ይሳል እንጂ ጠዋት በጥድፊያ አይሁን። ልጁ ከበረዶ ሲወጣ ስለቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ የጨርቅ ሽፋን ማልበስ ይበቃል። የፕላስቲኩ ሽፋን ለመራመጃ ብቻ ነው፤ እርጥበት ይዞ ዝገት ያመጣል።