ኒውትሮን ሲለካ ኩርባው አልመጣ ካለ፦ ችግርና መፍትሄ

ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን የሚገኘው ክሮከስ የሚባለው የኒውክሌር ሪአክተር ከፍተኛ ኃይሉ 100 ዋት ነው። ከአንድ የድሮ አምፖል አይበልጥም። እንዲህ ያሉ የሙከራ ሪአክተሮች የተሠሩት ለመማርና ለመለካት ነው። ልኬቱ ታዲያ ያታልላል። ውጤቱ ግራ ሲያጋባኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሪአክተሩን ሳይሆን ዲቴክተሩን፣ ማለትም የኒውትሮን ቆጣሪውን ነው።

ዘንጉ ወድቋል፤ ምልክቱ ግን አልወርድ ብሏል

ኒውትሮን የሚውጠው መቆጣጠሪያ ዘንግ ወደ ሪአክተሩ ሲጣል ምልክቱ (ዲቴክተሩ የሚያሳየው መጠን) መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ዘግይተው የሚወጡት ኒውትሮኖች ያዘገዩታል። ነዳጁ ዩራኒየም 235 ሲሆን ከኒውትሮኖቹ ሁሉ ከመቶ 0.65 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ከሁሉም የሚዘገየው ቡድን ግማሽ ዕድሜው 55 ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ምልክቱ በየ55 ሰከንዱ በግማሽ መቀነስ አለበት። ይህን ቁጥር ያዙት።

ኩርባው ከዚህ ከዘገየ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ካለ፣ የማስነሻው የኒውትሮን ምንጭ ሳይወጣ ቀርቷል። አውጡትና ድገሙት፤ ካልተቻለ ስሌቱ ውስጥ አስገቡት። ቀጥ ሳይል እያዘገመ የሚወርድ ከሆነ ጥፋተኛው ጋማ ጨረር ነው። ተራ አዮናይዜሽን ቻምበር (ጋዝ የተሞላ የጨረር መለኪያ) ጋማን ከኒውትሮን አይለይም፤ ነዳጁ ደግሞ ዘንጉ ከወደቀም በኋላ ጋማ መልቀቁን አያቆምም። አጠገቡ ፊሽን ቻምበር (ውስጡ ዩራኒየም የተቀባ፣ ለኒውትሮን ትልቅ ምት የሚሰጥ መለኪያ) አስቀምጡ። የጋማውን ትንንሽ ምት ቆርጣችሁ ጣሉና ሁለቱን ኩርባዎች ደርባችሁ እዩ። ይህን ሳያጣሩ የተሰላ የዘንግ አቅም (ዘንጉ ሰንሰለታዊውን ሂደት የሚገታበት መጠን) ከእውነተኛው ያንሳል።

ከባድ ውሃ ወይም ቤሪሊየም ካለ ግን የ55 ሰከንዱ መመዘኛ አይሠራም። ጋማው ራሱ ከእነሱ ኒውትሮን ያስወጣል።

ሁለት ዲቴክተር፣ ሁለት መልስ

ለዘንጉ የቀረበው ዲቴክተር ለውጡን አጋኖ ያያል። አማካይ ወስዶ መገላገል አያዋጣም። ዲቴክተሮቹን ዙሪያውን አሰራጩ፤ ለየቦታው የሚሆን ማረሚያ በሞንቴ ካርሎ ስሌት (የኒውትሮኖችን ጉዞ በዕጣ እያስመሰለ በሚሠራ የኮምፒውተር ስሌት) አውጡ።

የፋይንማን ኩርባ ከዜሮ በታች ጀመረ

የፋይንማን ኩርባ የሚያሳየው የቆጠራው ቫሪያንስ (የመዋዠቁ መጠን) ለአማካዩ ሲካፈል ከ1 በላይ የሚተርፈውን ነው፤ ትርፉ አንዱ ኒውትሮን ሌላውን የሚወልድበት ሰንሰለት አሻራ ነው። ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ዲቴክተሩ አንዱን ቆጥሮ ሌላውን እስኪቀበል ድረስ ታውሯል ማለት ነው። ለ2 ማይክሮሰከንድ የሚታወር ዲቴክተር በሰከንድ 50,000 ካሳየ፣ ከእውነተኛው ቁጥር ከመቶ 10 አምልጦታል። ኃይሉን ዝቅ አድርጉ። ካልሆነም በሁለት ዲቴክተር ቁጠሩና የሁለቱን ዝምድና አስሉ፤ የአንዱ መታወር ሌላውን አይነካውም።

ኩርባው እየወጣ እየወጣ ማቆሚያ ካጣ፣ ብዙውን ጊዜ ኃይሉ እየተንሸራተተ ነው። ክሮከስን የሚቆጣጠረው በዋናነት የውሃው ከፍታ ነው፤ የሚሊሜትር አንድ አስረኛ እንኳ ይቆጠራል። ከፍታውም ሙቀቱም እስኪረጋ በትዕግስት ጠብቁ።

ስፔክትረሙ ላይ መርፌ ቆመ

ስፔክትረሙ የምልክቱን መዋዠቅ በድግግሞሽ ከፋፍሎ ያሳያል። እንደ መርፌ የቆመው ሹል ጫፍ 50 ኸርዝ ላይ ከሆነ የመብራት መስመሩ ገብቶበታል። ግራውንዱን አንድ ቦታ ብቻ እሰሩ። ኬብሉን በእጃችሁ ስታንቀሳቅሱ መርፌው ከፍ ዝቅ ካለ፣ ጥፋተኛው እጃችሁ ላይ ነው።